ሁለተኛው ደም

ከሌሊቱ ስምንት፣ ሂኪሊስኮ ዳር፣
አየሩ እንደ ፍራሽ፣ ሳይነፍስ ከባሕር፣
ሮሴንዶ መጣ፣ ሚስቱን ተደግፎ፣
አንዷን ቃል በሁለት ትንፋሽ አሳርፎ።

ደረቱን ጠየቅሁት። «ደረቴስ ደኅና ነው፤
መንጋጋዬ ደክሟል፤ አየሩ ነው ያነሰው።»
ደግሞ አፈር ብሎ፣ «ትናንት ውሃ ጠጣሁ፣
ከተፈቀደልኝ አንድ ኩባያ አለፍሁ።»

አርባ ሁለት ዓመቱ። ሃያውን በአገዳ፣
ገጀራ ሲያወርድ በጠራራው ሜዳ፤
ፀሐይ ላቡን ጠጥታ ከላዩ ስትጨርስ፣
ወደ ውስጥ ገባችበት፣ ኩላሊቱ ድረስ።
ዛሬ ደሙን በሳምንት ሦስቴ ማሽን ያጥብለታል፤
በቀን አንድ ኩባያ ሽንት ግን ይወርድለታል።
ያቺን ይሰፍራታል መስመር ባለው ጠርሙስ፣
ጽፎ ያኖራታል፣ ቅንጣት ሳያሳንስ፣
እንደ ቀን ደመወዝ።

ኢሲጂ አነሣሁ፤ ወረቀቱ ተራራ፤
ግን ያ ተራራ ድሮም ነበረ በዚያው ስፍራ።
የዘመናት ግፊት ልቡን አወፈረው፣
መርፌዋ የምትጽፈውን ውሸት አስተማረው።

ኢቫኒያ ከላቦራቶሪ ደወለች፤
«ትሮፖኒን ስልሳ አራት፤ ከፍ ብሏል» አለች።
በጤነኛ ሰው ደም ይህ ቁጥር ኡኡታ ነው፤
በሮሴንዶ ደም ግን የሰርክ ሰላምታው ነው።
መዝገቡን ገለጥሁ፦ በመጋቢት ስልሳ አንድ፣ በሐምሌ ሃምሳ ሰባት፤
ልቡ ያንጠባጠበውን ኩላሊቱ ሳይጠርግለት።
ሌት ተቀን የሚጮህ ውሻ፣ ሌባ የገባ ለት፣
ምን ጨምሮ ይጩህ? ማንስ ይነሣለት?

አንድ ጊዜ እኔም አልተነሣሁም።

ዶን ቴኦዱሎ ነው፤ ጀልባ ጠጋኝ ነበር።
«ኩላሊቱ ነው» አልሁ፣ እንደ ተራ ነገር፤
ፈርሜ ሸኘሁት።
ልጁ ጫማ ሊወስድ መጣ በማግስቱ፣
ከአልጋችን ሥር ረስቶት ነበር አባቱ።
«ለቀብሩ ነው» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።
ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቁጥር ብቻውን አላምንም።

አባ ሊሳንድሮ በእሑድ ስብከታቸው፣
ልብንና ኩላሊትን በአንድ ትንፋሽ ጠርተው፣
ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን
የሚያውቅ አለ ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።
እኔ ግን ያለኝ መርፌ ነው፣
ደግሞ የግድግዳ ሰዓት።
ስለዚህ ጠበቅን፣ ሦስት ሰዓት።

ኦቲልያ ተቀምጣ አንቀላፋች፣ ቦርሳዋን አቅፋ።
«ዶክተር፣ የምትጠብቂው ምንድን ነው?» አለኝ፣ ድምፁ እየጠፋ።
«ልዩነት» አልሁት።
ትንሽ አሰበና፦ «አለቃችንም እንደዚያው ነበር፤
ስንት ቆረጥህ አይለኝም፤ ከትናንት ስንት ጨመርህ ነው የሚለኝ ነገር።»
ከዚያ የተሻለ ማንም አላስረዳኝም፣
በትምህርት ቤት እንኳ፣ በፕሮፌሰር አፍም።

አሥራ አንድ ሰዓት። ኢቫኒያ ስልኩን አላነሣችም፤
ወረቀቱን ይዛ ወረደች በደረጃው።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ሌባው ቤት ውስጥ ነው።

ነገርሁት፦ ሳን ሳልቫዶር ቀጭን ቱቦ በክንድህ ያስገባሉ፣
የልብህን ሥሮች በቀለም ያበራሉ።
ቀለሙ ለልብ ፋኖስ ነው፤ ለኩላሊት ግን ጠር፤
ያቺ ኩባያህ ልትደርቅ ትችላለች፣ ላትመለስ በቀር
በማሽን ብቻ ልትኖር።
እርግጠኛ አይደለሁም። አልዋሸሁትም።

ዝም አለ። ዝምታው ከሦስቱ ሰዓት ረዘመብኝ።
ከሚስቱ ቦርሳ ጠርሙሱን አወጣ፣ አሳየኝ፤
የትናንቷ መስመር ገና ነጭ ላይ ቢጫ ናት።
«እጠቢው» አላት ኦቲልያን፤ «አትጣይው፤ ምናልባት።»

ምናልባት ምን? ማንም አልጠየቀም።

አምቡላንሱ ሲወጣ ከተማው አልነቃም።
ከመንገዱ ማዶ የአጨዳ እሳት ለቀውበት
ማሳው ይነዳል፤ ጥቁር የአገዳ ቅጠል ይወርዳል፣
በመስኮቱ መስታወት፣
በኦቲልያ ፀጉር፣ በጠርሙሱ አፍ።
በመዳፏ ከደነችው።